ሦስተኛው ቀዳዳ

ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ በጎረቤቶቻችን ስም ይጠራሉ። ቢስቲማ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ላየ ሰው አምባሰል እዚያው ነው፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለወረደ ደግሞ ባቲ አለች። ትዝታና አንቺ ሆዬ በአገር ስም አይጠሩም፤ ወሎዬ ግን አራቱንም የራሱ አድርጎ ከመቁጠር አይመለስም፤ እኔም ሲከራከሩኝ አልለቅም። አምባሰልን በዜማነቱ ከማወቄ በፊት በተራራነቱ ነው የማውቀው። ባቲም መጀመሪያ ገበያ ነበረች፤ ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉን እየነዳ፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ የሚገናኙባት። ዜማም መሆናቸውን ያስተማረኝ አንድ ዋሽንት ነው።

ወረባቦ ደጋው ቀስ በቀስ አልቆ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድበት አገር ነው። ቢስቲማ የወረዳው ከተማ ብትሆንም በልጅነቴ ከቤቶቹ ጀርባ ወዲያው ማሽላ ይጀምራል፤ ከማሽላው ወዲያ ከብት ነው። ከብት ያለበት ሁሉ ደግሞ ዋሽንት አለ። እረኛ የሆንን ሁሉ ነበረን። ከወንዝ ዳር ሸምበቆ ቆርጠን፣ አንጓውን በሽቦ ነድለን፣ በጋለ ሚስማር ቀዳዳ አበጅተንለት ወዲያው እንነፋዋለን። ሳይደርቅ የተሠራ ሸምበቆ ግን ዕድሜ የለውም። ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ጥጃ ይረግጠዋል፣ ወይ አንዱ ልጅ በንዴት በጓደኛው ጀርባ ላይ ይሰብረዋል። ማንም አያዝንለትም፤ ወንዙ ዳር ሌላ ሞልቷል።

የእናቴ አጎት ዋሽንት እንደዚያ አልነበረም። እሳቸውን እኛ ልጆቹ ‹አባባ› ነበር የምንላቸው። ማሽላ ሲያሽት ግሪሳ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ፤ ከማሳው መካከል ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ተቀምጠው፣ ወንጭፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ይነፋሉ። ወፉ ሲሰፍር ዋሽንቱን ያወርዱና ወንጭፉን ያስጮሁታል፤ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዜማው መሐል ላይ የወንጭፍ ጩኸት መግባቱን ስለለመድኩት፣ በኋላ ደሴ ውስጥ ሰው ያለ ወንጭፍ ሲነፋ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር።

ድምፁ እንዴት ያለ ነበር? ለስለስ ያለ፣ የጠራ ብል ዋሸሁ። ሻካራ ነበር። ከታች ወፈር ብሎ፣ የጎረነነ ሽማግሌ የሚናገር ይመስል ነበር፤ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሻካራነቱን ትቶ ይሰላል። ትንፋሹ ራሱ ከድምፁ ጋር አብሮ ይሰማል። የእኛ ዋሽንቶች ይጮኻሉ፤ ያ ግን ያወራል። ያኔ ያፈቀርኩት ዜማውን ነው ብዬ አስብ ነበር። ዜማውንማ ሌሎችም ይነፉት ነበር፤ እኔ የፈለግሁት ግን ያንን ዕቃ ነው። ከብቱን ትቼ ማማው ሥር እየተቀመጥኩ፣ በሬዎቻችን የሰው ማሽላ ገብተው እናቴ የተሰደበችበት ጊዜ አለ። ‹‹እረኝነቱ አልበቃ ብሎህ አዝማሪ ልትሆን?›› ትለኝ ነበር። ዋሽንትና አዝማሪነት እንደማይገናኙ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ያን ጊዜ ለእናት ሁለቱም ከሥራ ፈትነት አይለዩም።

መጀመሪያ በእጄ የያዝኩት ቀን ክብደቱ ገረመኝ፤ የለውም ማለት ይቻላል። ርዝመቱ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። ከምድጃ በላይ ጣሪያ ውስጥ ተሰክቶ ስለከረመ ጭስ አጥቁሮታል፤ ቅቤ ስለሚቀባም ያብለጨልጫል። ከታችኛው ጫፍ ወደ ላይ የሄደ አንድ ስንጥቅ ነበረው፤ እሱንም በበሬ ጅማት ጠምጥመው አስረውታል፤ ጅማቱ እርጥብ ሆኖ ታስሮ ሲደርቅ ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። አፉ ላይ ጠርዙ ተሞርዶ ስል ሆኗል፤ የአንዱ ወገን ጠርዝ ግን ዓመታት ከንፈር ሲያርፍበት አልቆ ዝቅ ብሏል። ጣት የሚያርፍባቸው አራት ቀዳዳዎች አሉት። ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ከላይ ሦስተኛው ብቻ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ቀኝ ገደድ ብሏል።

ምክንያቱ የገባኝ ሲነፉ እጃቸውን ሳይ ነው። በወጣትነታቸው በሬ ሲጠምዱ ገመድ የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት ጠምዝዞት ጠማማ ሆና ቀርታለች። ዋሽንቱን የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጣቷ ያረፈችበት ላይ ቀዱት። ሌላውንም ቢሆን የለኩት በጣታቸው ነው፤ ከታች ጀምሮ ይህን ያህል ጣት፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ ይህን ያህል። ሜትርም ገመድም የለም። ስለዚህ ያ ሸምበቆ የእሳቸው እጅ ልክ ነው። የሌላ ሰው ጫማ ብታደርግ እግርህን ይጎዳሃል፤ የሌላ ሰው ዋሽንት ስትነፋ ግን አየር ያፈሳል፣ አየር ካፈሰሰ ደግሞ ድምፁ ይጠፋል። አማራጭ የለህም፤ እጅህን እንደ እጁ ማድረግ አለብህ። እኔም ጤነኛ ጣቴን ማጥመም ለመድኩ።

ከዚያ በፊት ግን ከንፈሩ ነበር። ዋሽንት አፉ ላይ ድምፅ የሚፈጥር ምላስ ወይም ድፍን የለውም፤ ክፍት ቱቦ ነው። አፍህን ሸፈፍ አድርገህ፣ ዋሽንቱን ወደ ጎን አጋድለህ፣ ትንፋሽህ ጠርዙ ላይ ለሁለት እንዲሰነጠቅ ታደርጋለህ። ስህተቱ የስንዝር አይደለም፤ የገብስ ፍሬ ታህል ከተዛባህ የሚወጣው ባዶ ንፋስ ነው። ጉንጬን ነፍቼ፣ ዐይኔ ፈጥጦ፣ ራሴ እስኪዞር ስታገል አይተው አባባ ሳቁብኝና፣ ‹‹አትንፋው አንተ ልጅ፣ ተንፍስበት›› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዋሽንት ብዙ ሰምቻለሁ፣ ጥቂትም አንብቤአለሁ፤ ከዚህች ምክር የበለጠ የጠቀመኝ የለም።

አራት ቀዳዳ አምስት ድምፅ ይሰጣል፤ ሁሉም ሲዘጋ አንድ፣ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ሲከፈት ሌሎቹ አራቱ። ቅኝቶቻችንም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ትንፋሹን ጠበቅ ስታደርገው እነዚያው አምስቱ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብለው ይመጣሉ። የአባባ ዋሽንት ለትዝታ የተቀደደ ነበር። አምባሰል ሲፈልጉ ቀዳዳውን በግማሽ እየዘጉ ድምፁን ያጎብጡታል፤ ባቲ ሲሉም እንዲሁ። ‹‹አሁን አምባሰል ወጣን›› ይላሉ በአገጫቸው ወደ ተራራው እያመለከቱ፤ ‹‹አሁን ደግሞ ወረድን፣ ባቲ ገባን።›› ቅኝት የተማርኩት እንደ መንገድ ነው።

ደንብ ነበራቸው። በረመዳን ዋሽንቱ ከጣሪያው አይወርድም። ጎረቤታችን የነበሩት ሸህ መንዙማ እንጂ ዋሽንት አይወዱም ነበርና፣ እሳቸው በሚያልፉበት ሰዓት አባባ ዝም ይላሉ፤ ፈርተው ሳይሆን አክብረው። ማታ ቤት ውስጥም አይነፋም፤ እባብ ይጠራል ይባላል። እባብ ሲመጣ አይቼ አላውቅም፤ ማታ ቤት ውስጥ ሲነፋም ሰምቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ክርክሩ አልተቋጨም።

‹‹አባባ፣ ይስጡኝ›› ባልኩ ቁጥር፣ ‹‹በሬዬን ለምነኝ፣ እሱን አትለምነኝ›› ይሉኝ ነበር። የሰጡኝ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ደሴ ስሄድ ነው። ያኔ የፊት ጥርሶቻቸው ወልቀው ነበር። ‹‹ንፋሱ እያመለጠኝ ነው፤ ባንተ አፍ ይቆይ›› አሉ። ስጦታ ነው አላሉም፣ አደራም አላሉም፤ ‹‹ይቆይ›› ብቻ።

ሐይቅን አልፎ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ተጉዞ ደሴ የገባ የቢስቲማ ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ብርድና ጭጋግ ነው። ዋሽንቱም በረደው። በኋላ እንደተረዳሁት ቀዝቃዛ አየር የዋሽንትን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ጦሳ ተራራ ሥር ጠዋት የተነፋና ኮምቦልቻ ቀትር ላይ የተነፋ አንድ ዋሽንት፣ አንድ አይደለም። ከደሴ ሐረጎን ተጠማዝዞ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚደርስ መንገደኛ ካፖርቱን እንደሚያወልቅ ሁሉ ዋሽንቱም ይቀይራል።

ጊዜው የኪነት ነበር። በደርግ ዘመን ቀበሌው ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው፤ የወሎ ላሊበላ ኪነት ስሙ አገር ያዳረሰበት ወቅት ነው፤ እኛም ታናናሾቹ እሱን እያየን እንንጠራራ ነበር። የእኛዋ ቡድን አኮርዲዮን ነበራት። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮና አኮርዲዮን። ወጣሁና የአባባን ዋሽንት ነፋሁ። የቡድኑ መሪ ገና ሦስት ትንፋሽ ሳልጨርስ እጁን አነሳ። ‹‹ይሄ ከየትኛው ጋር ነው የሚሄደው?››

ከየትኛውም ጋር አይሄድም ነበር። በድሮው ሥርዓት ችግር አልነበረም። ዋሽንት ተቀዶ ካለቀ አይቃኝም፤ ክራርና ማሲንቆ ግን ክራቸውን ማጥበቅና ማላላት ይችላሉ፤ ስለዚህ የሚቃኙት እነሱ ናቸው፣ ዋሽንቱን እየሰሙ። ግትሩ ዋሽንት የሁሉም ዳኛ ነበር ማለት ነው። አኮርዲዮን ሲመጣ ከእሱ የባሰ ግትር መጣ። ፋብሪካ የወሰነለትን ድምፅ ማንም አያነቃንቀውም፤ ስለዚህ ዳኝነቱ ከሸምበቆው ወደ ሣጥኑ ዞረ። ለዋሽንተኛ የቀረለት በየድምፁ የተሠሩ አጭርና ረጅም ዋሽንቶችን አስሮ እንደ ጭራሮ መሸከም ነው። ለእኔም ከውኃ ቧንቧ የተሠራ ፕላስቲክ ሰጡኝ። መናገር ያለብኝን ልናገር፤ ጥሩ ዋሽንት ነበር። ቀዳዳዎቹ ሰልፋቸውን የጠበቁ፣ አይሰነጠቅም፣ ብርድ አይፈራም። መድረክ ላይ እሱን ነፋሁ፤ ማታ ማታ ግን ከተከራየሁበት ቤት ወጣ ብዬ የአባባን። እባቡን ደሴ ላይ አልፈራሁትም፤ የምፈራው አከራዬን ነበር።

በሬዲዮ ዮሐንስ አፈወርቅን የምሰማው በዚያ ጊዜ ነው። ሰውዬው ዋሽንትን ከማሳ አንስተው ቴአትር ቤት ካስገቡት ሊቃውንት አንዱ ነው፤ ትንፋሹን የት እንደሚወስድ አይታወቅም። እሱ የነበረበት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም፣ ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ከየአገሩ የመጡ፣ ከዚያ በፊት አብረው ተጫውተው የማያውቁ መሣሪያዎችን አንድ ላይ አስቀመጠ። አኮርዲዮን በሌለበት እንኳ ያ ቀላል እንዳልነበር ይገባኛል። አሸናፊ ከበደም በበኩሉ ስለ እረኛ ዋሽንት ነፊ ለኦርኬስትራ የሚሆን ሥራ ደርሷል። እረኛውን ለቫዮሊን ማስተርጎሙን አደንቃለሁ፤ ልቤ ግን ሁልጊዜ፣ እረኛው ራሱ ከዚያ ኦርኬስትራ ፊት ቢቆም ማን ለማን ይቃኝ ነበር? ይላል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠኝ አንድ አይሪሽ ነው።

1977 ነበር፤ ያ ክፉ የረሃብ ዓመት። እኔ ኮምቦልቻ ሥራ ይዣለሁ። ከአሰብ ተነስቶ በሚሌና በባቲ የሚመጣው መንገድ በእህል መኪና ተጨናንቋል። በወሎ ከነበሩት የውጭ እርዳታ ሰጪዎች መካከል አይሪሾች ከቀደምቶቹ ናቸው፤ ኮንሰርን የተባለው ድርጅታቸው ከ1966ቱ ረሃብ ወዲህ እኛ ዘንድ ነበረ። የየትኛው ድርጅት ሠራተኛ እንደነበረ እንኳ በወጉ ያልጠየቅሁት አንድ ፂማም ወጣት እኔ ያረፍኩበት ሆቴል ያድር ነበር። ቀኑን ኩንታል ሲቆጥር፣ ከኩንታሉ በፊት የሞተውን ሲሰማ ውሎ ማታ በረንዳ ላይ ይቀመጥና ከኪሱ ቀጭን የነሐስ ቱቦ አውጥቶ ይነፋል። በዚያ ሰዓት ሙዚቃ እንዴት? የሚል ካለ፣ ደስ ስላለው አልነበረም የሚነፋው።

በስብርባሪ እንግሊዝኛዬ እንደተረዳሁት አገሩ ያለ አንድ ባለ እጅ የሠራለት ነው። በፋብሪካ የሚሠራውም አለ። በኋላ እንዳነበብኩት፣ የአየርላንድ የሚባለውን ይህን የቆርቆሮ ፉጨት በ1843 እ.ኤ.አ. በብዛት መሥራት የጀመረው ሮበርት ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ የእርሻ ሠራተኛ ነው፤ ቆርቆሮ ጠቅልሎ፣ አፉ ላይ እንጨት ወትፎ። የአንዱ ገበሬ ብልሃት የሌላው አገር ምልክት ሆኖ ቀረ። ስድስት ቀዳዳ አለው። አፉ የተሠራ ነው፤ ትንፋሽህን ራሱ ተቀብሎ ጠርዙ ላይ ይሰነጥቅልሃል።

ተቀያየርን። የእሱን ገና አፌ ላይ ሳደርገው ጮኸ፤ ሕፃንም ቢነፋው ይጮኻል። እሱ የእኔን ያዘ። ነፋ፣ ነፋ፣ ፊቱ ቀላ፤ ንፋስ ብቻ። ‹ተንፍስበት› ማለትን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምል አላወቅሁም። ጣቶቹም ሦስተኛውን ቀዳዳ ፍለጋ ተንከራተቱ፤ ገልብጦ አየው፤ የአሠራር ስህተት መሰለው መሰለኝ። የራሴን ጣት አጥምሜ ሳሳየው ግን ሳቀና እሱም አጠመመ።

ከዚያ አንድ የአገሩን ዝግ ያለ ዜማ ነፋ። ሰባት ድምፅ ያለው ዕቃ ይዞ የተጠቀመው በአምስቱ ነው፤ ለጆሮዬ ከትዝታ ቅኝት ብዙም አልራቀም። ልከተለው ዋሽንቴን አነሳሁ። አልገጠምንም፤ የእሱ ከፍ ይላል፣ የእኔ ዝቅ። ዋሽንቴን ላስቀምጥ ስል፣ ልማዴ ሆኖ፣ እጄን ያዘኝ። የእሱ ነሐስ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አፉ ከአካሉ ላይ የሚንሸራተት። አፉን ጥቂት ወደ ውጭ ሳብ አደረገውና ነፋ። ሰማኝ። ደግሞ ሳብ አደረገ። እንደ ክራር ሲቃኝ ያየሁት የነሐስ ቱቦ እሱ ብቻ ነው። ከአኮርዲዮን ወዲህ ለአባባ ዋሽንት የወረደለት የመጀመሪያው ባለ መሣሪያ ከአየርላንድ መጣ። በየድምፁ ሁሉ አልተገናኘንም፤ ሁለት ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንጋጭ ነበር። እዚያ ሲደርስ እሱ ይዘላታል፣ ወይ እኔ እዘላታለሁ።

አባባ ያን ዓመት አልፈው፣ በሚቀጥለው ሞቱ። ለቀስተኛ ሆኜ ቢስቲማ ስሄድ ዋሽንቱን ይዤ ነበር፤ አልነፋሁትም፤ ለቅሶ ቤት ዋሽንት አይነፋም። እናቴ ብቻ ከሻንጣዬ አውጥታ አየችውና ቅቤ ቀብታ መለሰችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አልናገርም፤ ዋሽንቱ የኮምቦልቻን ደረቅ አየር አልወደደውም፣ ሁለተኛ ስንጥቅ አወጣ፣ እሱንም አሰርኩት። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሰነድና ልብስ ይዘን ወጣን። ስንመለስ ቴሌቪዥኑ ሄዷል፤ ምጣዱ ሳይቀር ሄዷል። ዋሽንቱ ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር። ለዝርፊያ እንኳ የማይመረጥ ዕቃ መውደድ ጥቅም አለው።

አሁን የእህቴ ልጅ ዋሽንት ይሠራል፤ ከፒ.ቪ.ሲ. ቧንቧ። ድምፁን በስልኩ ይለካል፤ መርፌዋ መሐል ላይ እስክትቆም ይሞርዳል። ከልጅነቱ ጀምሮ የአባባን ዋሽንት ሲሰማ ስላደገ አንድ ቀን፣ ‹‹ጋሼ፣ ስጠኝና ልለካው›› አለኝ። ሁሉንም ለካ፤ ቁመቱን፣ ውፍረቱን፣ የቀዳዳዎቹን ስፋት። ሠራው። ድምፁ አልመጣም። ሸምበቆ ከላይና ከታች ስፋቱ እኩል አይደለም፤ ውስጡም አንጓው ከተነደለበት ቦታ ላይ ጠባሳ አለው፤ ቧንቧ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ልጁ ግን እልኸኛ ነው፤ ውስጡን እየሞረደ፣ እየጣለ፣ እንደገና እየሠራ በመጨረሻ የአባባን ጉሮሮ የሚመስል ነገር አመጣ። ይመስላል ያልኩት ቀንቼ ነው፤ እሱው ነው።

አንስቼ ስነፋው ግን አየር አፈሰሰ። አየሁት። ሦስተኛውን ቀዳዳ አቃንቶታል።

‹‹ይቺን ለምን ነካሃት?››

‹‹ጋሼ፣ ድምፅ የሚለውጠው ቀዳዳው ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ሲሄድ ነው። ወደ ጎን ቢሄድ ምንም አያደርግም። ይኸው›› ብሎ ስልኩን አሳየኝ፤ መርፌዋ መሐል ላይ ቆማለች። እውነቱን ነው። ያ ሁሉ ዓመት ጣቴን ያጠመምኩላት ቀዳዳ ለድምፁ የጨመረችው ነገር የለም። ‹‹ደግሞስ›› አለ፣ ‹‹ጠማማ ዋሽንት ማን ይገዛኛል?››

‹‹የኔ ጣት አሁን በዚያ ነው የለመደችው›› አልኩት፤ ‹‹በዚህ አልነፋም።››

ጣቴን አየ፣ ዋሽንቱን አየ፣ ትንሽ አሰበ። ‹‹እሺ፣ ለጋሼ አንድ ጠማማ እሠራለሁ›› አለ፤ ‹‹ግን ልዩ ትዕዛዝ ነው፤ ዋጋው ይጨምራል።››